ይመር የዘለላት መስመር

ኦስሎ ውስጥ ደብዳቤ የማይፈራ አበሻ ቢኖር ይመር ነበር። ሌላው ሰው የፖስታ ሳጥኑን ከፍቶ የኮሙኑን፣ የማዘጋጃ ቤቱን፣ ማኅተም ሲያይ ደብዳቤውን ሳይከፍት ኪሱ ይከተዋል። ይመር ግን ኤንቨሎፑን በቁልፉ ጫፍ ይቀደዋል፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ ያስቀምጣል፣ ሦስቱን ገጽ አንድ ጊዜ በዓይኑ ይጠርገውና ለደብዳቤው ባለቤት ሁለት ዓረፍተ ነገር አድርጎ ይሰጠዋል። «እስከ አሥራ አምስት ድረስ ይቺን ፎርም ሞልተህ መልስ ነው የሚሉህ። ሌላው ወሬ ነው፣ አንተን አይመለከትም።» ከቶየን ሜትሮ ጣቢያ እስከ ቤቱ ደረጃ ድረስ ስንት ሰው ኤንቨሎፕ ይዞ እንዳስቆመው ቤት ይቁጠረው።

ደሴ ሳለ አስተማሪ ነበር። እዚህ ከመጣ ወዲህ ጡረታ እስኪወጣ የአንድ ትምህርት ቤት ክፍሎችን ሲጠርግ ኖሯል። ኖርስክ የሚሉትን ቋንቋቸውን የተማረውም ከዚያው ነው፤ ሰሌዳው ላይ የቀረውን ጽሑፍ አንብቦ ሳይጨርስ አያጠፋውም ነበር። አለቃው ይመር ሥራው ዝግ ይላል እያለ ያማርር ነበር ይባላል።

ታናሽ እህቱ ፋናዬ በዚህ ችሎታው ትኮራለች፣ በዚሁ ችሎታው ደግሞ ትበግናለች። እሷ ሦስቱንም ገጽ ነው የምትፈልገው። «ወሬውንም ንገረኝ እንጂ ጋሼ። ወሬ ማን ይጠላል?» ትለዋለች። የሚበልጣት በአራት ዓመት ብቻ ነው፤ አባታቸው ቀደም ብለው ስላረፉ ግን ያሳደጋት እሱ ነው ማለት ይቻላል፣ ጋሼ ማለቱም እንደዚያው አብሯት አረጀ። ይመር ወሬውን አይነግራትም። ሰውን የማይመለከተውን ነገር መንገር በሸክሙ ላይ ሸክም መጨመር ነው ብሎ ያምናል። በዚህ ጉዳይ ማንም አሳምኖት አያውቅም።

ፋናዬ የታመመችው በሚሌኒየሙ ሰሞን ነበር። በዓሉን ሹሩባ ተሠርታ ልትቀበል ብላ ጓደኛዋን መሠረትን ላምበርትሴተር ቤቷ ድረስ ጠራቻት። መሠረት የማበጠሪያውን ጥርስ ከጆሮዋ ከፍ ብሎ ገና ስታሳርፈው ፋናዬ ጮኻ ከወንበሩ ተነሣች። የራስ ቅሏ ቆዳ እሳት እንደነካው ነበር ያቃጠላት። ራሷን ካመማት ሦስት ሳምንት አልፎታል፤ ሻሽ አጥብቃ እያሰረች ሥራ ትሄዳለች። ሥጋ ስታኝክ በሦስተኛው ጉርሻ መንጋጋዋ ዝሎ አልታዘዝ ይላታል፣ ትንሽ ታሳርፈውና ትቀጥላለች። ይህን ሁሉ ደግሞ በሆዷ አልያዘችውም። ለመሠረት ነግራለች፣ ለማኅበሯ ሴቶች ነግራለች፣ አብራት ቢሮ ለምታጸዳው ለፖላንዷ ሴት ሳይቀር በእጇ እያሳየች ነግራለች። መሠረት ማበጠሪያውን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና «ይሄ የሹሩባ ሕመም አይደለም። ነገ ሐኪም ዘንድ ትሄጃለሽ» አለቻት። ሄደች። በሦስተኛው ቀን ሆስፒታል ተኝታ ነበር።

አስተርጓሚዋ ያው ይመር ነው። ሐኪሟ ጸጉሯ የሸበተ ረጋ ያለች ሴት ነበረች። በግንባሯ ጎን የሚሄደው የደም ሥር ቆስሎ እንዳበጠ፣ ቁስሉ ለዓይን ደም ወደሚያደርሱት ሥሮች ከተሻገረና ከዘጋቸው ዓይን እንደሚጠፋ፣ የጠፋ ዓይን ደግሞ እንደማይመለስ አስረዳች። ፋናዬ ግን በጊዜ መጥታለች፣ ዓይኗ ይተርፋል። «በብዛት የሚይዘው ሴቶችን ነው፤ ያውም የእኛን የሰሜኖቹን» አለች። «ከአፍሪካ በመጣ ሰው ላይ ሳየው ይህ የመጀመሪያዬ ነው።»

ይመር ይህን ከማስተርጎሙ በፊት ሳቁ አመለጠው። «ፋኑ፣ ዜግነቱን ገና ዛሬ ነው የሰጡሽ። ፓስፖርቱ አልበቃ ብሎ በሽታቸውን መረቁልሽ።» እሷም ታማ ሳቀች። ሐኪሟ ወንድም ወይም እህት እንዳላት ስትጠይቅ ይመር «ያለኋት እኔ ብቻ ነኝ፣ እኔ ደግሞ ወንድ ነኝ» አለ። ሐኪሟ ጥቂት አሰብ አደረገችና ከመሳቢያዋ አንዲት ታጣፊ ጽሑፍ አውጥታ ሰጠችው።

ያችን ጽሑፍ ይመር እዚያው ሳምንት በፋናዬ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ወደ አማርኛ መለሳት። በደብተር ወረቀት፣ ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ በኖረበት በዚያ ባማረ እጁ፣ ምልክቶቹን በተራ አሰፈራቸው። መጀመሪያ ብርቱ ራስ ምታት። ቀጥሎ ሲበጠሩ የሚያም የራስ ቆዳ። ቀጥሎ ሲያኝኩ የሚዝል መንጋጋ። ከሁሉ በኋላ የዓይን መጋረድ። ከነዚህ አንዱ ቢመለስ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መሄድ፣ መድኃኒቱን በራስ ፈቃድ አለማቋረጥ። ፋናዬ የኖርስኩን ጽሑፍ ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየችና በነገር ወጋ አደረገችው።

«ይሄ አራት ገጽ ነው። ያንተ ግማሽ ገጽ አይሞላም።»

«አንቺን የሚመለከት አንዲት ቃል ዘልዬ ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው።»

ወረቀቷን ማቀዝቀዣዋ በር ላይ በማግኔት ለጠፈቻት፤ የኖርስኳን ጽሑፍ አጥፋ ከኋላዋ አስገባቻት። ዓመት ተመንፈቅ እዚያው ዋለች፣ አደረች። መድኃኒቱ የፋናዬን ፊት እንደ ድፎ ዳቦ ነፍቶ መልሶ አሟሸሸው፣ ኪኒኖቹ ከአሥራ ሁለት ወደ አንድ ወረዱ፣ ዓይኗም ተረፈ።

በፈረንጆቹ 2009፣ በየካቲት ውስጥ፣ የሁዳዴ ቅበላ ዕለት፣ ይመር የጥብስ ሳህኑን እኩል ላይ ገፋው። ጥርሴን ነው አለ። ጾሙ በገባ በሳምንቱ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄዶ አንድ መንጋጋ ጥርሱን አስነቀለ። በጾም ይመር በቀን አንዴ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው የሚቀምሰው፤ እሱም ሽሮ ነው፣ ቢበዛ የተፈጨ ምስር። ሽሮ የሚያኝክ የለምና መንጋጋው ዝም አለ። ከሳ፤ ሁሉም በሁዳዴ ይከሳል። ይደክመው ጀመር፤ ማን አይደክመውም? ራሱን ደግሞ የሚነካው ሰው የለም። ጠጉሩ ካለቀ ሃያ ዓመት ሆኖታል፣ ሚስቱ ከሞተችም ስድስት ዓመት፣ በዚያ ራስ ላይ ማበጠሪያም የሰው እጅም አያርፍም። ቢያመውስ ለማን ይነግራል? ወንዶቹ ቶየን ካፌ ተሰብስበው ስለ አገር ፖለቲካ አራት ሰዓት ሲከራከሩ ይውላሉ እንጂ አንዱ ላንዱ መንጋጋዬ ዛለ ብሎ አያውቅም።

የዚያ ዓመት ስቅለት ኖርዌጂያኖቹ በዓላቸውን አክብረው ከጨረሱ በኋላ ነበር የዋለው። ከተማው ሥራ ላይ ነው፤ የእኛዎቹ ደግሞ በተዋሱት ቤተ ክርስቲያን አግዳሚዎቹን ወደ ግድግዳ ገፍተው ከጠዋት ጀምረው ይሰግዳሉ፣ ወንዶች በግራ ሴቶች በቀኝ። ፋናዬ በሐኪም ትእዛዝና በንስሐ አባቷ ፈቃድ ከሴቶቹ ኋላ ወንበር ተሰጥቷታል። መቀመጡ ያሳፍራታል፤ ስለዚህ ዓይኗን ወንድሟ ላይ ጥላ በእሱ ስግደት ትጽናናለች። ይመር በስልሳ ስምንት ዓመቱ ጎረምሶቹን ያስንቅ ነበር። ያውም አክፋይ ነው፤ ከሐሙስ ማታ ጀምሮ እህልም ውኃም ሳይቀምስ እስከ ትንሣኤ ሊደርስ። ይወድቃል፣ ይነሣል፣ ራሱ ላይ ላቡ ያብለጨልጫል።

ዘጠኝ ሰዓት ሲቃረብ ሳይወድቅ ቆመ። በእጁ ግድግዳውን ያዘ። መነጽሩን አወለቀና የቀኙን መስተዋት በነጠላው ጫፍ ጠረገ። አደረገው። እንደገና አውልቆ ያንኑ የቀኙን ጠረገ። ለሦስተኛ ጊዜም እንዲሁ። ፋናዬ ይህን ሁሉ አይታለች። ከወንበሯ ብድግ ለማለት ቃጥቷት ነበር፤ ግን በመካከላቸው የሚሰግድ ሕዝብ አለ፣ በሕማማት ወደ ወንዶቹ በኩል እንዴት ይሻገሯል፣ ይመርም በሰው ፊት ምን ሆንክ ተብሎ ከሚጠየቅ ሞቱን ይመርጣል። እሱ ወደ ስግደቱ ሲመለስ እሷም ተደላድላ ተቀመጠች።

ማታ ሲወጡ በር ላይ ያዘችው።

«መነጽርህ ምን ሆኖ ነው?»

«ላብ ነው።»

«የቀኙ ብቻ ነው የሚያልበው?»

«ትንሽ ጋረደኝ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ፤ «እንደ መጋረጃ ወረድ አለና ተመለሰ። በባዶ ሆዱ አራት መቶ የሰገደ ሽማግሌ ምን እንዲታየው ነው የምትፈልጊው? መላእክት?»

«ራስህን ያምሃል?»

«ምንም አያመኝም።»

«ለማንኛውም ሐኪም ይይህ።»

«ሐኪሙን ምን ልለው ነው? ሰገድኩ ልበለው? የሚያደርገውን አውቃለሁ፣ አክፍሎቴን ነው የሚያስፈታኝ። ሁለት ቀን ነው የቀረኝ ፋኑ። እሑድ አፌ እህል ሲያገኝ ይለቀኛል።»

ፋናዬ ቤቷ ስትገባ ካፖርቷን ሳታወልቅ ማቀዝቀዣው ፊት ቆመች። የወንድሟን ወረቀት በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ራስ ምታት፤ የለውም፣ ጠይቃዋለች። የራስ ቆዳ፤ ምን ጠጉር አለውና። መንጋጋ፤ ስለ መንጋጋ ያለው ነገር የለም። የዓይን መጋረድ ከሁሉ በኋላ ነው የተጻፈው፣ እሷም ምልክቶቹ በተራቸው የሚመጡ መስሏታል፤ የመጀመሪያዎቹ ከሌሉ የመጨረሻው ከየት ይመጣል? ደግሞስ የሴቶች ነው ብለው የለ። ልቧ ረጋ። ቅዳሜ የፋሲካውን በግ ልትገዛ ዝርዝር ጻፈች።

እሑድ ቀትር ላይ ይመርና ልጁ ሜሉ ለፋሲካ ምሳ ላምበርትሴተር መጡ። ሜሉ እዚሁ የተወለደች የሃያ አራት ዓመት ልጅ ናት፣ ሮመን ሰፈር አንድ ባርነሃገ ውስጥ ሕፃናት ትጠብቃለች። ያለ አባቷ ሌላ የላትም። ይመር ፊቱ ገርጥቶ ነበር፤ ቢሆንም እንደ ልማዱ በግ የታረደው ለፋሲካ ነው ወይስ ለኮሙኑ ሁሉ እያለ እህቱን ይነካካታል። ጥብሱ ቀረበ። አንድ ጎረሰ። ሁለት ጎረሰ። በሦስተኛው ላይ ቆመ። አፉ እንደሞላ እጁን መንጋጋው ላይ አድርጎ ጠበቀ፣ ከዚያ ማኘኩን ቀጠለ፣ ከዚያ ደግሞ ቆሞ ጠበቀ።

ያንን መጠበቅ ፋናዬ ታውቀዋለች። ራሷ የጠበቀችው ነው። በእጇ የያዘችውን ጭልፋ አስቀመጠች።

«ጋሼ፣ የግራ ዓይንህን ሸፍነው።»

«ምን?»

«በእጅህ ሸፍነውና ስንት ጣት እንዳወጣሁ ንገረኝ።»

«በፋሲካ ቀን ድብብቆሽ ልትጫወቺ ነው?»

«ፓፓ፣ አድርገው» አለች ሜሉ። ሳቅ አልነበራትም።

ይመር የግራ ዓይኑን አልሸፈነም። ሳህኑን ገፋ አደረገ። ከዚያ እንደ ተራ ነገር «በቀኙ አላይም» አለ። «ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ጨርሶ አላይም። በዓሉ ይለፍ ብዬ ነው።»

ፋናዬ መሳቢያዋን ጎትታ የራሷን ኪኒኖች መዳፏ ላይ ዘረገፈች፣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ልክ አሥራ ሁለት ቆጠረች። አሁኑኑ ዋጥ አለችው። ይመር የሰው መድኃኒት አልውጥም አለ። ለመነችው። «የሴት ኪኒን ነው፣ ጡት አውጥቼ ብቀር ማን ይጦረኛል» ብሎ ሊያስቃት ሞከረ። ሜሉ ስልኳን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ከሌገቫክቱ፣ ከድንገተኛ ሕክምናው፣ ነርስ ጋር በኖርስክ ትነጋገር ነበር፤ አሁኑኑ አምጡት ተባለች። ታክሲው እስኪመጣ ድረስ ኪኒኖቹ በፋናዬ እጅ ውስጥ በላብ ሟሙተው መዳፏን ነጭ አደረጉት።

ከዚህ ወዲያ ማንም የዘገየ የለም። ሌገቫክት ያገኙት ወጣት ሐኪም ፋናዬ በተሰባበረ ኖርስኳ የበሽታዋን ስም ስትጠራለት አንድ ደቂቃ አላጠፋም፣ በአምቡላንስ ወደ ሆስፒታል ሰደዳቸው። ሆስፒታሉም በክንዱ የደም ሥር መድኃኒቱን ለቀቀበት። ሜሉ ሐኪሙ የሚለውን ለአክስቷ አስተረጎመች፤ አባቷ ኖርስኩን እየሰማ ዓይኑን ከድኖ ተኝቷል።

«የቀኙ አልቋል ነው የሚለው። አይመለስም። አሁን የሚሮጡት ለግራው ነው። ሲያልፍለት ይተርፋል፣ አንዳንዴ ግን መድኃኒቱ እየገባም የቀኙን ይከተላል ይላል።» ሐኪሙ ሌላ ነገር ጠየቀ፣ ይመር በራሱ መለሰ። ሜሉ ወደ ፋናዬ ዞረች። «ራስ ምታት አልነበረህም ወይ ነው ያለው። ፓፓ ናይ፣ አልነበረኝም አለ። በወንዶች ላይ አንዳንዴ እንዲህ ነው አለው ሐኪሙ።»

«እንዲህ ማለት?»

«አላውቅም አክስቴ። በቃ እንዲህ ነው አለ።»

ሰኞ ደህና ዋለ። በግራ ዓይኑ የግድግዳውን ሰዓት አየ፣ የሾርባው ቀለም አልጣመኝም ብሎ ተነጫነጨ። ፋናዬ ማርያምን ተሳለች። ማክሰኞ ጠዋት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ብርቱካን ስትልጥለት ስልኩ ጠራ። ይመር ስልኩን በዳበሳ አገኘው፣ ወደ ፊቱም ሳያቀርብ ለእሷ ዘረጋላት።

«ማን እንደሆነ እዪልኝ» አለ።

ግዛው ነበር፤ ቶየን ጎረቤቱ። ከኮሙኑ ደብዳቤ መጥቶበት ኖሮ ጋሽ ይመር መቼ እንደሚወጣ ሊጠይቅ ነው የደወለው። ፋናዬ ምን ብላ እንደመለሰችለት አታስታውስም። ስልኩን አስቀምጣ የወንድሟን ፊት አየች። ሁለቱም ዓይኖቹ ክፍት ነበሩ፣ የሚያዩት ግን እሷን ሳይሆን ከትከሻዋ ትንሽ ወደ ግራ ነበር። ብርቱካኑን ሳህኑ ላይ አኖረችው። አለቀሰች፤ አፏን በነጠላዋ አፍና፣ እንዳይሰማ። ይሰማ ነበር። «ተይ እንግዲህ» አላት።

ረቡዕ ከሥራ በኋላ ሜሉ የአባቷን የታጠቡ ልብሶች ልትወስድ ላምበርትሴተር መጣች። ፋናዬን ያቺ የሐኪሙ «በወንዶች ላይ አንዳንዴ እንዲህ ነው» የምትል ቃል ከእሑድ ጀምሮ እንቅልፍ ነስታታለች። ማግኔቱን አንስታ ሁለቱን ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ኖርስኩን ወደ ልጅቷ ገፋችላት።

«ሁሉንም አንብቢልኝ። ወሬውንም።»

ሜሉ ቀስ እያለች አንድ ዓረፍተ ነገር በኖርስክ፣ አንድ በአማርኛ አነበበች። ፋናዬ በሌላው ወረቀት ላይ በጣቷ ትከተላለች። ራስ ምታቱ አለ። ቆዳው አለ። መንጋጋው አለ። ዓይኑም አለ። ሜሉ ገጹን ገለጠች። «በሽታው የሚበዛው በሴቶች ላይ ነው። ወንዶች ግን...» ቆመች። አፏ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻዋን አነበበችው። «ወንዶች ግን ራስ ምታቱ ቀላል ሊሆንባቸው ወይም ጭራሽ ላይኖር ይችላል። ብዙ ጊዜ ዘግይተው ነው የሚመጡት፤ ዓይናቸውም ቶሎ ሊጎዳ ይችላል። አንዳንዴ በቤተሰብ ውስጥ ከአንድ ሰው በላይ ይይዛል።»

የፋናዬ ጣት ወረቀቱ ላይ ወረደ፣ ወጣ፣ እንደገና ወረደ። ከመንጋጋው ቀጥሎ ዓይን ነው። ከዓይን ቀጥሎ ያለው በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። በመካከላቸው ባዶ መስመር እንኳ የለም፤ ይመር ቦታ አያባክንም።

«የለም» አለች።

«ምኑ?»

«ይቺ።»

ሜሉ የአባቷን የእጅ ጽሑፍ አንብባ ስትጨርስ ገባት። «ፎር ዴግ» አለች፤ አክስቷ እንዳልገባት አይታ መለሰችው፤ «ላንቺ ነዋ የጻፈልሽ። አንቺ ወንድ አይደለሽም።»

ፋናዬ ዓርብ ማታ ካፖርቷን ሳታወልቅ የቆመችበትን ቦታ አየች። ያቺ መስመር ብትኖር ኖሮ ያን ሌሊት በግድም ቢሆን፣ በፖሊስም ቢሆን ትወስደው ነበር። ሁለቱም ዓይኖቹ ያን ጊዜ ነበሩ። ከዚያ ደግሞ ያቺ መሐላው ትዝ አለቻት። በነገር ወግታ ያስማለችው እሷ ናት። ወረቀቶቹን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ሜሉን በእናቷ ስም አስማለቻት፤ አባትሽ ይህን መቼም እንዳይሰማ።

ሐሙስ ሆስፒታል ስትደርስ ይመር ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘችው፤ ፊቱ በመስኮቱ በኩል ወደሚገባው ሙቀት ዞሯል። ጠዋት የዓይን ሐኪሟ አይታው ነበር። ከእንግዲህ የሚመጣ ነገር የለም፣ መድኃኒቱ ለሌላው አካሉ እንዲቀጥል ነው፣ ከኮሙኑ ዱላ ይዞ መሄድ የምታስተምረው ሴት ትመጣለች ብላዋለች። ይህን ሁሉ በሁለት ዓረፍተ ነገር ነገራት። ፋናዬ ያመጣችለትን አጥሚት በማንኪያ ልትሰጠው ስትል ማንኪያውን ተቀብሎ ራሱ ሞከረ፤ ግማሹ ጭኑ ላይ ፈሰሰ። ጠረገችለት።

«ፋኑ፣ ያቺ ወረቀት ማቀዝቀዣሽ ላይ አለች?» አላት።

«የቷ ወረቀት?»

«አትዋሺ፣ አትችይበትም። ሜሉ ትናንት ማታ ደውላ ድምፅዋ ሌላ ሆኖብኝ ነበር።» ፊቱን ወደ እሷ መለሰ። «አንብቤያት ነበር። ያኔ ጠረጴዛሽ ላይ። አንብቤ አንቺን አይመለከትም ብዬ አለፍኳት። ስለ ራሴም አላሰብኩ፤ ለሰው ሳነብ ለራሴ አላነብም። እሑድ ሐኪሙ በወንዶች ላይ እንዲህ ነው ሲል መስመሯ ከነቦታዋ መጣችብኝ። ሁለተኛው ገጽ፣ ከላይ አራተኛዋ።»

ፋናዬ አላጽናናችውም። ከየት አምጥታ? ተናደደችበት፤ ዕውር ወንድሟ ላይ እንዲህ ልትናደድ እንደምትችል አስባ አታውቅም ነበር። «አይመለከትሽም ትለኛለህ። አንተ ከጠፋህ ማንን ነው የሚመለከተው ታዲያ?» አለችው። ይመር ጉልበቱ ላይ ያለውን እጁን አነሣና መልሶ አኖረው። እሷም ንዴቷ ብዙ አልቆየላትም፤ አጠገቡ ተቀምጣ እጁን ያዘችው።

ስልኩ ጠራ። ዝም አሉት፣ ጮሆ ጮሆ ተወ።

«ወረቀቷን ይዘሻታል?»

«ይዣታለሁ።»

«እስኪርቢቶ አውጪ። ልንገርሽና ጻፊያት።»

«አሁን ምን ያደርጋል ጋሼ?»

«ጎዶሎ ወረቀት ትቼ አላውቅም። ጻፊ።»

ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ወረቀቷን ዘረጋች። ከታች የቀረ ባዶ ቦታ ነበር። ይመር እንደ ድሮው የክፍል ድምፁ፣ ቃል በቃል፣ ሳይቸኩል ነገራት፤ ወንዶች ግን ራስ ምታቱ ቀላል ሊሆንባቸው ወይም ጭራሽ ላይኖር ይችላል። እሷ ፊደሏ ወፍራምና ጎርባጣ ነው፣ አንድ መስመር የሚበቃው ሦስት ፈጀባት። ዓይናቸውም የምትለዋ ላይ ስትደርስ እስኪርቢቶዋን አነሣች፣ እሱ ጠበቃት። አንዳንዴ በቤተሰብ ውስጥ የምትለዋንም አልዘለለም።

«ጨረስሽ?»

«ጨረስኩ።»

«አሳዪኝ።»

ልጅ ሳለች የቤት ሥራዋን የሚያርምላት እሱ ነበር፤ ጨረስኩ ስትለው አሳዪኝ ይላታል፣ እጁን ይዘረጋል። አሁንም ዘረጋ። ሳታስበው ሰጠችው። ይመር መነጽሩን ከኪሱ አውጥቶ አደረገ፣ ወረቀቷን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ፊቱ አቀረባት። ገልብጦ ነበር የያዛት፤ የፋናዬ ሦስት መስመሮች ከላይ፣ የእሱ ውብ ጽሕፈት ከታች፣ ሁሉም በራሱ ተዘቅዝቆ። ራሱን ከግራ ወደ ቀኝ እያንቀሳቀሰ ብዙ ቆየ።

«ደህና ነው» አለ መጨረሻ ላይ፣ ወረቀቷን ወደ እሷ እየዘረጋ። «ፊደልሽ ተሻሽሏል።»

ፋናዬ ተቀበለችው። ወረቀቷን አቅንታ አጠፈችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻት።